ወንድሜ ጠጥቶ ይነዳል፤ ለመኪናው ባለቤት ልንገርበት?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የባሕር ዳር ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟ የሰው ሚኒባስ ይዞ ባሕር ዳርና ወረታ ይመላለሳል። ማታ ገቢ ካስገባ በኋላ መኪናው እጁ ላይ ነው የሚያድረው፤ እየጠጣ ያመሽና ሌሊት ራሱ እየነዳ ይገባል። ባለፈው ቅዳሜ ከመንገድ ዳር ዘንባባ ጋር ተላትሞ አንዱን የፊት መብራት ሰብሮ መጣ። ለባለቤቱ ግን "ቆሜ ሳለ ባጃጅ ገጨኝ" ብሎ ነገረው። "ስድስት ቢራ ጠጥቼም ከማንም በላይ እነዳለሁ ይለኛል" ትላለች። "ሰው ሁሉ ቅጣቱ ቢከብድ ይተዉት ነበር ይላል፤ እውነት ነው? ለባለቤቱ ነግሬ እንጀራውን ልዝጋ ወይስ ዝም ልበል?"

እህቴ፣ የመጨረሻውን ላስቀድም። ንገሪ። አነጋገሩ ግን መላ አለው፤ እንጀራውም ሳይዘጋ ሊሆን ይችላል፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ስለ ቅጣቱ ሰው የሚለው ግን ብዙም አያስኬድም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ዞር ማለት ይኖርብኛልና ታገሺኝ።

እኔ 19 ዓመት የትራፊክ አደጋ መርማሪ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን አሽከርካሪ አሠለጥናለሁ። የመርማሪ ዋና ሥራው ፕላን ማንሳት ነው፤ ሜትር ዘርግቶ፣ ጠመኔ ይዞ፣ የትኛው ከየት መጥቶ የት እንደወደቀ መለካት። ቦታው ላይ ስደርስ መጀመሪያ ዓይኔ የሚፈልገው የጎማ ጭረት ነው። ያልጠጣ ሹፌር ሊገጭ መሆኑን ሲያውቅ ፍሬን ይረግጣል፤ ጎማው አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ያንን ለክተን ፍጥነቱን እንገምታለን። የሰከረ ሰው የገጨበት ቦታ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚለካ ጭረት የለም። አስፋልቱ ንጹሕ ነው። ፍሬን የተያዘው ከተገጨ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አልተያዘም።

አንድ የኅዳር ሚካኤል ሌሊት አለ የማልረሳው። ተጠርተን ስንደርስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የተገጩት አንዲት እናት ናቸው፤ ኪዳን ሊያደርሱ ከቤት የወጡ። እሳቸው ከወደቁበት ነጠላቸው 14 ሜትር ርቆ ዘንባባ ሥር ተገኘ። በጋዜጣ የጠቀለሏቸው ሦስት ጧፎች ደግሞ ከነጠላው አለፍ ብለው፣ አንዱም ሳይሰበር። የጧፎቹንም ርቀት ለካሁ። ፕላን ላይ የሚገባ ነገር ስላልሆነ ግን አልጻፍኩትም። ጭረት አልነበረም። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቷል፤ ሞቷል ብለን ስንጠጋ ሲያንኮራፋ ሰማነው።

ሰዓቱን ልብ በይልኝ። እኛ ከተማ ውስጥ የመጨረሻው ጠጪ ወደ ቤቱ የሚገባበትና የመጀመሪያው ኪዳን አድራሽ ከቤቱ የሚወጣበት ሰዓት አንድ ነው፤ ከሌሊቱ 9 እስከ 11። በዚያው ሰዓት መንገደኛ ወደ መናኸሪያ የሚያደርስ ባጃጅ ይወጣል። በመሸንቲና በዘንዘልማ በኩል ገበያ ለመድረስ ሸክም ይዘው የሚገቡ ሴቶች አሉ። ተረኛውን ሊቀይር በብስክሌት የሚሄድ ዘበኛ አለ። ነጠላ ነጭ ነው፤ መብራት ሲያገኘው ከሩቅ ይታያል። ሹፌሩ "አላየኋቸውም" ብሎ ቃሉን ሰጠ። ውሸቱን አይደለም፤ አላያቸውም።

ሲነቃ ረፋዱ 4 ሰዓት አልፏል። መጀመሪያ የጠየቀው መኪናው ምን ያህል እንደተጎዳ ነበር። ሰው መሞቱን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና "የማን እናት ናቸው?" አለ። የሠፈሩ ሰው ነበሩ፤ ትንሹ ልጃቸው አብሮት ተምሯል። ሁለቱ ቤተሰቦች ያሉበት ዕድር አንድ ነው። የለቅሶውን ድንኳን ከተከሉት ሰዎች መካከል የሹፌሩ አባት ነበሩበት፤ ተራቸው ስለሆነ። ካስማ ሲመቱ አይቻቸዋለሁ። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም፤ ማንም "ይተዉት" አላላቸውም።

ስለ ጉዳት ሲነሳ ሰው ሟች ይቆጥራል። የሚበዛው ግን የተረፈው ነው። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአጥንት ታካሚ የተኛበት ክፍል ገብተሽ ብታውቂ የምለው ይገባሻል። ጭኑ ውስጥ ብረት ገብቶለት ወራት የሚተኛ የቀን ሠራተኛ፣ ባጃጁን በብድር ገዝቶ ዕዳው ሳያልቅ እጁ የማይታጠፍ የሆነበት ልጅ፣ አጠገቡ ደግሞ ትምህርቷን ትታ የምታስታምም እህት። ይህ ሁሉ "ቀላል ጉዳት" ወይም "ከባድ ጉዳት" ተብሎ በአንድ መስመር ይመዘገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በመንገድ አደጋ በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያለውን ሰው ከምንም በላይ የሚገድለው ይኸው ነው። ከዚህ ውስጥ በመጠጥ የመጣው ስንት ነው ብለሽ ከእኛ የአደጋ መዝገብ ብትፈልጊ ግን ትክክለኛውን አታገኚም። እኔ ራሴ ስንቱን "ከተወሰነው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር" ወይም "ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት" ብዬ ጽፌያለሁ። ሌሊት የትንፋሽ መለኪያ እጄ ላይ ከሌለ፣ ደሙም በሰዓቱ ካልተቀዳ፣ አፉ ሸተተኝ ብዬ ፍርድ ቤት አልቆምበትም። አልኮል በየሰዓቱ ከደም ይወጣል፤ ማስረጃዬ እየተነነ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ስድስት ቢራ ልምጣ። ሥልጠና ላይ ሰሌዳ ላይ የምሠራውን ሒሳብ እዚህም ልሥራው። አልኮሉ 5 በመቶ የሆነ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው። 65 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ሲጠጣው በእያንዳንዱ ሊትር ደሙ ላይ ወደ 0.3 ግራም ይጨምርበታል። ጉበት በአንድ ሰዓት የሚያስወግደው 0.15 ግራም ገደማ ነው። አንድ ቢራ ከሰውነት ለመውጣት ሁለት ሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው። ወንድምሽ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስድስት ቢራ ቢጠጣ፣ የወጣለት ተቀንሶ፣ ቁልፉን ሲያነሳ በሊትር 1.2 ግራም ያህል ይዞ ነው የሚነሳው። በአገራችን ሲሠራበት የኖረው ጣሪያ 0.8 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 0.5፣ ለጀማሪና ለወጣት ሹፌር ደግሞ 0.2 ነው። ሰው ከሰው ስለሚለይ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ወንድምሽን የሚያድነው ያህል ግን አይለያይም።

ሠልጣኞቼን የሚያስደነግጣቸው ግን ጠዋቱ ነው። በስድስቱ ቢራ ላይ ሁለት መለኪያ አረቄ ደርቦ 6 ሰዓት ላይ የተኛ ሰው፣ 11 ሰዓት ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ፣ ጥርሱን ፍቆ፣ የወረታን ተሳፋሪ ሲጭን ደሙ ውስጥ ገና 1 ግራም አለ። ከጣሪያው በላይ ነው። ራሱን "ትናንት ጠጥቼ ነበር" ነው የሚለው። እንቅልፍ አልኮልን አያፈጥነውም። ቡናም አያፈጥነውም፤ ቀዝቃዛ ሻወርም፣ ሎሚም። ጥብስ በልቶ መጠጣት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል እንጂ የገባውን አያስወጣውም።

ደግሞ ቢራ ቢያንስ ጠርሙሱ ላይ ተጽፎበታል። አንድ 40 ሚሊ ሊትር መለኪያ አረቄ 40 በመቶ ከሆነ ከአንድ ቢራ ጋር እኩል ነው። ጠጅ ሲጠነክር 10 በመቶና ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ 300 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ብርሌ ወደ ሁለት ቢራ ትጠጋለች። ጠላ እንደ ጠማቂዋ ነው፤ ከቅራሪ እስከ ፊልተር ያለውን ልዩነት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ማንም ግን በመቶኛ ሊነግርሽ አይችልም። "ሁለት ጣሳ ብቻ ነው የጠጣሁት" ያለኝ ሹፌር ብዙ ነው። ጣሳው ስንት ይይዛል፣ ውስጡስ ምን ነበር?

ሌላም አለ። ከሰዓት ጫት ሲቅም ይውልና ምርቃናውን ለመስበር ማታ ጨብሲ ይገባል። ይሄኛው ከሁሉ ይከፋብኛል። መጠጥ ብቻውን ቢሆን ቶሎ ያንገላጀዋል፤ ጓደኞቹም ሰክሯል ብለው ይይዙታል። ጫቱ ግን እንቅልፉን ስላባረረለት ዓይኑ ፈጦ፣ አፉ ሳይታሰር፣ ቀጥ ብሎ እየሄደ መኪናው ጋ ይደርሳል። የሚያስቆመው የለም። ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ግን ያው ነው።

"ከማንም በላይ እነዳለሁ" የሚለውንም ውሸት ነው ብለሽ አትከራከሪው፤ እሱ እንደዚያ ነው የሚሰማው። አልኮል ቶሎ ከሚነካቸው ነገሮች አንዱ ራስን የመመዘኛው ሚዛን ነው። እግር የሚንገዳገደው በኋላ ነው። ልማደኛ ጠጪ ጭራሽ ላይንገዳገድ ይችላል፤ ዓይኑና እጁ ግን ዘግይተዋል። ከፊቱ የሚመጣ መኪና መብራት ከወጋው በኋላ ዓይኑ ለመመለስ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ከጎን የሚመጣውን ማየት ይደክማል፤ እግረኛ ደግሞ የሚመጣው ከጎን ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሰከንድ ውስጥ 8 ሜትር ይሄዳል። እግሩ ፍሬን ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ዘገየ ማለት አንድ ሰው አስፋልቱን ከሚሻገርበት ርቀት በላይ ፍሬን ሳይነካ ነዳ ማለት ነው።

ቅጣቱ ቢከብድስ? ቅጣቱ ቀላል ነው ያለሽ ማን ነው? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543ን ተመልከቺ። አልኮል ጠጥቶ ራሱን ኃላፊነት ከማይሰማው ሁኔታ ውስጥ የጨመረ ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ አለበት። አሥራ አምስት ዓመት! የኅዳር ሚካኤሉ ሹፌር ይህን አያውቅም ነበር ብለሽ ታስቢያለሽ? መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ተምሮታል። ወንድምሽም ተምሮታል። ግን ጠጥቶ የሚነዳ ሰው አምስት ዓመትን ከሃምሳ ዓመት ለይቶ አይፈራም፤ ሁለቱንም ለሌላ ሰው የተጻፉ አድርጎ ነው የሚያያቸው። መቶ ሌሊት ጠጥቶ ነድቶ መቶውንም በሰላም ገብቷል። እያንዳንዱ ሌሊት "ምንም አትሆንም" ብሎ ያስተምረዋል። በአንድ መቶ አንደኛው ሌሊት የሕጉ አንቀጽ ትዝ አይለውም።

የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬ ማታ የሚያስቆመኝ አለ ብሎ ማመኑ። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በ1967 እ.ኤ.አ. የትንፋሽ ምርመራ የሚያስገድድ ሕግ ሲያወጡ አደጋው በመጀመሪያዎቹ ወራት ወዲያው ቀነሰ። ሹፌሩ ሁሉ በየመታጠፊያው ፖሊስ አለ ብሎ አስቦ ነበር። ቆየት ብሎ ለካ የሚያስቆም የለም ሲባል ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሕጉ አልተለወጠም፤ ቅጣቱም አልቀነሰም። አውስትራሊያ ውስጥ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ደግሞ በ1982 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ላይ ሌላ መንገድ ጀመረ። የተጠረጠረውን ብቻ ሳይሆን የመጣውን ሁሉ ሳይመርጡ እያስቆሙ ማስተንፈስ። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ሚሊዮን የሚጠጋ ምርመራ አደረጉ። ሰው የሚሞትበት አደጋ በአምስተኛ ገደማ ቀነሰ፤ ይህ ደግሞ የሳምንት ወሬ ሆኖ አልቀረም፤ ለዓመታት ቆየ። ልዩነቱ ምንድን ነው ብትይ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ሁሉም ሹፌር ወይ ራሱ ተንፍሷል ወይ የተነፈሰ ዘመድ አለው።

ባሕር ዳር ለዚህ ዓይነት ቁጥጥር የተሠራች ነው የምትመስለው። ከተማዋን አባይ ለሁለት ከፍሏታል፤ ከአባይ ማዶ ወዲህ ያለ ድልድይ አይመጣም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፤ ለጠጣ እግር ነዳጅ ርገጥ ርገጥ የሚል ነው። ሁለት ትራፊክ፣ አንድ የትንፋሽ መለኪያ፣ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት። አንድ ቀን ድልድዩ ላይ፣ አንድ ቀን ቀበሌ 14 በኩል፣ አንድ ቀን ወደ ጎንደር መውጫ። የመጣውን ሁሉ ማስቆም ካልተቻለ አምስተኛ አምስተኛውን፤ ሚኒባሱንም፣ የቤት መኪናውንም፣ የሚያውቁትንም፣ የመሥሪያ ቤት ታርጋ የለጠፈውንም። እዚህ ላይ ከድሮ ባልደረቦቼ ጋር አንስማማም። "ሹፌሮች እርስ በርስ መብራት እየጠቆሙ፣ በስልክ እየተነጋገሩ ቦታችንን ያጋልጡብናል" ይላሉ። ያጋልጡ! ሠላሳ ሹፌር "ዛሬ ድልድዩ ላይ አሉ" ብሎ ለሠላሳ ሹፌር ቢደውል ከዚያ የተሻለ ማስታወቂያ የት ይገኛል? ሰካራም መሰብሰብ አይደለም የምንፈልገው፤ ቁልፉን ይዞ እንዳይወጣ ነው።

ሰዓት እላፊ መጠጥን ይፈታዋል የሚሉም አሉ። ሰዓት እላፊ በነበረባቸው ጊዜያት ያየሁት ግን ስካሩ ወደ ምሽት ሲሳብ ነው። ቀደም ብሎ ተጀመረ፣ በጥድፊያ ተጠጣ፣ ልጆች ከመንገድ ሳይገቡ "ሳይዘጋብኝ" እየተባለ ተነዳ። የቢራ ማስታወቂያስ? በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1112 ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ መሸጥም ተከልክሏል። መልካም ነው። ወንድምሽ ግን መጠጥ ከማስታወቂያ አልተማረም።

ከማን እንደተማረ ልንገርሽ። ከእኛ ነው። ሰርግ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ዝክር ላይ ብርጭቆው ሳይጎድል የሚሞላው ማን ነው? "በቃኝ" ሲል "በሞቴ" የምንለው እኛ ነን። "በሞቴ! አፈር ስሆን! ይህቺን ብቻ!" ሰውዬው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እያየነው። እናቴ ጥሩ ልማድ ነበራቸው፤ መኪና ይዞ ለመጣ እንግዳ ጠጅ በሚቀርብበት ብርሌ ብርዝ ይቀዱለታል። ብርሌው ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ማንም "አንተ ለምን አትጠጣም" አይለው። የሰርግ አጃቢ ሹፌሮች ያሉበት ድንኳን ሁሉ ይህን ቢያደርግ የትንፋሽ መለኪያ ከመግዛት ይረክሳል።

እንግዲህ ወደ አንቺ። ድልድዩ ላይ ዛሬ ማታ ትራፊክ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ "የሚያስቆመኝ አለ" እንዲል የምታደርጊው አንቺና የመኪናው ባለቤት ናችሁ።

ለባለቤቱ "ወንድሜ ሰካራም ነው" ብለሽ አትግቢ። እሱን ካልሽ ሌላ ሹፌር ይቀጥራል፤ ወንድምሽ ደግሞ ለማያውቀው ባለቤት ይነዳል። ሐሳብ ይዘሽ ሂጂ፤ ማታ ገቢ ሲያስገባ ቁልፉንም ያስረክብ፣ መኪናው ባለቤቱ ግቢ ይደር፣ ጠዋት 11 ሰዓት ከዚያው ይውሰድ። ስንት ባለቤት ይህን ያደርጋል መሰለሽ፤ ነዳጅና ጎማ እንዳይሰረቅበት ብሎ። ጠዋት ቁልፉን ሲሰጠው ደግሞ ፊት ለፊት ቆሞ ሁለት ደቂቃ ያናግረው። ሹፌር ጠዋት የሚያየው ሰው እንዳለ ካወቀ ማታ ብርጭቆ ይቆጥራል።

ባለቤቱ "ምን አገባኝ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ነው" ካለሽ ሁለት ነገር ጥቀሺለት። አንደኛ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ መኪናውን ያልፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። ሁለተኛ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ የሚተማመን ከሆነ ውሉን አውጥቶ ያንብበው። የተለመዱት ውሎች ሹፌሩ ሰክሮ ሲነዳ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም። ሚኒባሱ ተሰብሮ፣ ካሳ ተጠይቆ፣ ገቢው ቆሞ ሦስቱ በአንድ ሳምንት ሲመጡበት ይታየው። ይህን የሰማ ባለቤት ቁልፍ መቀበል ይከብደዋል ብዬ አላስብም።

ከዚያ በፊት ግን ለወንድምሽ ራሱ ንገሪው፤ ከኋላው እንዳትሄጂ። ጠጥቶ በገባ ሌሊት አይደለም። ያን ጊዜ የምትነግሪው ለቢራው ነው። ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሌላ ሰው በሌለበት። "ልትሞት ነው" አትበይው፤ ሞትን የሚፈራ ቢሆን መብራቱን ከሰበረ በኋላ በማግስቱ አይነዳም ነበር። "እሑድ ማታ ቁልፉን ለባለቤቱ ማስረከብ ካልጀመርክ ሰኞ ጠዋት እኔ እነግረዋለሁ" በይው። ቀኑን ቁረጪለት። ካልሽ ደግሞ አድርጊው፤ ካላደረግሽው አንቺም እንደ እነዚያ መቶ ሌሊቶች "ምንም አትሆንም" ብለሽ ታስተምሪዋለሽ።

ጠጥቶ ቁልፍ ሲያነሳ ከደረስሽ ክርክር አትክፈቺ። "አትችልም" ሲባል ሰካራም መቻሉን ሊያሳይ ይነሳል። "ኮንትራት ባጃጅ ጠርቻለሁ፤ አብረን እንሂድ፤ መኪናው እዚሁ ይደር" በይው። ረዳቱን ቀደም ብለሽ አግኝተሽ አነጋግሪው፤ አብሮት የሚያመሸው እሱ ነው፤ ጋቢና ከጎኑ የሚቀመጠውም እሱ ነው። ስለ ራሱ ሕይወት እንደሆነ ይገባዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሪልኝ። ጠዋት ሳይጠጣ እጁ ይንቀጠቀጣል? ላብ ያጠምቀዋል? መጀመሪያ የሚፈልገው ቁርስ ሳይሆን መጠጥ ነው? እንዲያ ከሆነ ነገሩ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ሰውነቱ ለምዶታል። እንዲህ የሆነ ሰው በአንድ ቀን ቁርጥ ሲያደርግ ሊያንዘፈዝፈው፣ ከዚያም ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላል። ጠበል ቢወሰድም አልከለክልም፤ ግን ሐኪም ጎን ለጎን ይየው። ይህን ሐኪም እንጂ ትራፊክ አይፈታውም።

የቅዳሜውን ነገር ደግሞ አትንገሪበት። ራሱ ይንገር። ባለቤቱ "የገጨህ ባጃጅ ታርጋው ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ከጀመረ፣ በዚያ ምሽት በዚያ አስፋልት ያለፈ አንድ ልጅ ተይዞ ስላልሰበረው መብራት ሊከፍል ይችላል። እንዲህ ዓይነት ክስ ይዤ ሁለት ጊዜ ፕላን አንስቻለሁ፤ አንዱ ባጃጅ ላይ ያገኘነው ቀለም ከሚኒባሱ ቀለም ጋር እንኳ አይገናኝም ነበር፤ ልጁ ግን ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ ተመላልሷል።